አስር ሊትር እስከ ፍቼ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ደጀን ከተማ፤ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ጥላዬ በትንሿ የናፍጣ መኪናቸው የደብረ ማርቆሷን ባለወፍጮ ወይዘሮ ሙሉጎጃምን አሳፍረው ወደ ፍቼ እየሄዱ ነው።

ሙሉጎጃም፦ ሰልፉን ይያዙ እያልኩዎት ነው፣ መምህር! ማደያውን አለፍነው እኮ!

ጥላዬ፦ አለፍነው አይበሉ፣ ገላገለን ይበሉ። የሰልፉን ርዝመት አላዩም? መጨረሻ ላይ ያለው ሹፌር ሸሚዙን አጥቦ መስታወቱ ላይ አስጥቷል። እሱ ናፍጣ እስኪቀዳ የልጅ ልጅዎ ፊደል ይቆጥራል።

ሙሉጎጃም፦ በአፍዎ አይጥሩብኝ። ገና አልተወለደም።

ጥላዬ፦ ይቅርታ። አፌ ነው። ህብስቴ መጨረሻ ስትደውል ምን አለች?

ሙሉጎጃም፦ እሷ መች ደወለች፣ ባሏ ጉርሜሳ ነው የደወለው። ሊነጋጋ ሲል ምጥ ያዛትና ጤና ጣቢያ አስገባት። “እናቴን ጥሩልኝ” ትላለች አለኝ። አምናም እንዲሁ ነው ያለችው። መናኸሪያ ቁጭ ብዬ አውቶቡስ ስጠብቅ ረፈደብኝ። ስደርስ ልጁም አልተረፈ፣ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ዛሬ እንደ አምናው አይሆንም።

ጥላዬ፦ አይሆንም። ሰልፍ የማልይዘውም ለዚሁ ነው። ይስሙኝ፦ ይቺ መኪና በአንድ ሊትር ሃያ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ከደብረ ማርቆስ ፍቼ መቶ ዘጠና ቢሆን ነው። አስር ሊትር ይዘን ወጥተናል። ያካፍሉት እስቲ።

ሙሉጎጃም፦ እኔ ወፍጮ ነው ያለኝ፣ መምህር። ሃያ ሁለት ዓመት ከናፍጣ ጋር ስኖር የተማርኩት ማካፈል ሳይሆን ማስተረፍ ነው።

ጥላዬ፦ የእርስዎ ወፍጮ ሆዳም ነው፣ አይቀየሙኝ። ይቺን ከተማው ሁሉ “ጾመኛዋ” የሚላት በከንቱ ነው? ጎማዋን በየሳምንቱ አስነፋለሁ፣ ዘይቷን ቀኑ ሳያልፍ እቀይራለሁ፣ ሬዲዮዋን ሳይቀር ክብደት ይቀንስ ብዬ አውጥቻለሁ።

ሙሉጎጃም፦ አውቃለሁ። ጠዋት ለአራስ ልጄ የያዝኩትን የገንፎ ዱቄት ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት አይቻለሁ።

ጥላዬ፦ ለማወቅ ያህል ነው! “ይቀነስ” አልኩ?

ሙሉጎጃም፦ አላሉም። ግን ተነፈሱ።

ጥላዬ፦ ትንሽ ሞተር እንዲህ ናት፤ ካወቁባት ታኮራለች። ከዚች ወዲያ መኪና የለም።

ሙሉጎጃም፦ አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል አሉ። ያውም አባይ ከፊትዎ ተዘርግቶ!

ጥላዬ፦ እኔ ነኝ አባይን ያላየሁ? ሠላሳ ስድስት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ።

ሙሉጎጃም፦ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዳገት የለውም።

ጥላዬ፦ ቁልቁለትም የለውም። ቁልቁለቱን በማርሽ ይዤ፣ እግሬን ከነዳጅ ላይ አንስቼ ስወርድ አንድ ጠብታ አትጠጣም። እስከ ድልድዩ በነፃ ነው የምንወርደው።

ሙሉጎጃም፦ እንግዲህ ይውረዱ። ብቻ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ነግሬዎታለሁ።

ጥላዬ፦ ተነግሮኛል። ያዩዋታል! እንደ እርግብ ክንፏን ዘርግታ…

ሙሉጎጃም፦ ኔትወርኩ ጠፋ።

ጥላዬ፦ በረሃው ውስጥ ይጠፋል። ወዲያ ማዶ ዳገቱን ስንጨርስ ይመለሳል።

ሙሉጎጃም፦ እስከዚያ ድረስ ሳልሰማት? ብትጠራኝስ?

ጥላዬ፦ ስልኩን ቦርሳዎ ውስጥ ያድርጉት። እያዩት አይጠራም። ወሬ ያውሩኝ። እነዚያን ዝንጀሮዎች ይመልከቱ፤ ትልቁ ልክ እንደ ርዕሰ መምህራችን ነው የተቀመጠው።

ሙሉጎጃም፦ ወሬ ከፈለጉ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ግን እውነቱን።

ጥላዬ፦ መምህር ይዋሻል?

ሙሉጎጃም፦ ከፋሲካ ወዲህ ስንት ጊዜ እህል አስፈጩ?

ጥላዬ፦ እ… ኩርባው ክፉ ነው፣ ቆይ ይቺን ልለፋት።

ሙሉጎጃም፦ አስራ ሰባት ጊዜ።

ጥላዬ፦ ቆጥረውታል?

ሙሉጎጃም፦ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ብቻውን የሚኖር፣ ምሳውን ሆቴል የሚበላ ሰው አስራ ሰባት ጊዜ ምን ያስፈጫል?

ጥላዬ፦ እንግዳ ይበዛብኛል።

ሙሉጎጃም፦ ባለፈው ማክሰኞ ያመጡት ሦስት ኪሎ ገብስ ነው። ሦስት ኪሎ! በመኪና!

ጥላዬ፦ ናፍጣ አትበላማ! በሌላ መኪና ቢሆን ሦስት ኪሎ ገብስ ማመላለስ ያከስራል። በእሷ ግን…

ሙሉጎጃም፦ ጎረቤትዎ አመልማል መጥታ ምን አለችኝ መሰለዎት? “መምህሩን ምን ነካቸው? በየሳምንቱ ዱቄት ያድሉናል። ስለት ነው እንዴ?”

ጥላዬ፦ እርስዎስ ምን አሏት?

ሙሉጎጃም፦ “ይመስለኛል” አልኳት።

ጥላዬ፦ እሷስ?

ሙሉጎጃም፦ “እንግዲያውስ ስለታቸው ይድረስላቸው” አለች።

ጥላዬ፦ አሜን አሉ?

ሙሉጎጃም፦ ድልድዩ ደረሰ። ድልድይ ላይ ወሬ አይወራም።

ጥላዬ፦ የት የተጻፈ ሕግ ነው?

ሙሉጎጃም፦ አሁን የወጣ ነው።

ጥላዬ፦ እሺ፣ ተሻገርን። እንግዲህ ዳገቱ መጣ። ይቺ ትንሿ ሞተር የምትሠራውን ይመልከቱ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ ብዬ፣ ሳላስጮኻት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሙሉጎጃም፦ እንቁላሉ ጥሩ እየሄደ ነው። አልዋሽም፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው።

ጥላዬ፦ አላልኩዎትም! ግማሹን ጨረስነው፣ ከግማሽም አለፍን። ሌላ ጊዜ ደግሞ…

ሙሉጎጃም፦ ቆይ! ይስሙ!

ጥላዬ፦ ምኑን?

ሙሉጎጃም፦ ሞተሩን። ትን አለው።

ጥላዬ፦ ሙቀቱ ነው። በረሃ አይደል?

ሙሉጎጃም፦ ሙቀት አይደለም፣ አየር እየሳበ ነው። ይኸው ደግሞ! ዳር ያስይዟት፣ ሳትጠፋ ዳር ያስይዟት!

ጥላዬ፦ ጠፋች።

ሙሉጎጃም፦ የእጅ ፍሬኑን!

ጥላዬ፦ ይዤዋለሁ፣ ይዤዋለሁ። እርስዎ ወርደው ጎማዋ ሥር ድንጋይ ያድርጉልኝ። ከኋላ! ትልቁን!

ሙሉጎጃም፦ አደረግኩ። አሁን ይውረዱ።

ጥላዬ፦ ግን አምስት ሊትር ግድም አለ እኮ! ይኸው መለኪያውን ይመልከቱት! ሒሳቡ ትክክል ነው!

ሙሉጎጃም፦ ሜዳ ላይ ነው ትክክል። ድስት ሲያዘነብል ወጡ ወዴት ይሄዳል?

ጥላዬ፦ ወደ ዘመመበት።

ሙሉጎጃም፦ ናፍጣውም እንደዚያው ወደ ኋላ ሸሽቷል። ናፍጣ መሳቢያው ቱቦ ከፊት በኩል ከሆነ የሚያገኘው ነፋስ ነው። የእኔ ወፍጮም በርሜሉ ሲዘም እንዲህ ያደርገኛል። ናፍጣ ይዘን ናፍጣ አጣን።

ጥላዬ፦ …የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ወይዘሮ ሙሉጎጃም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጉራ ነው። እርስዎ ምጥ ላይ ያለች ልጅ ይዘው፣ እኔ ስለ ሊትር ሳወራ። አሁን የሚወጣ የጭነት መኪና ላስቁምና በእሱ ይሂዱ። ሻንጣዎንና ዱቄቱን እጭንልዎታለሁ።

ሙሉጎጃም፦ እርስዎስ?

ጥላዬ፦ እኔ ማታም ቢሆን ሰው አላጣም።

ሙሉጎጃም፦ ለርዕሰ መምህሩ ዝንጀሮ ትቼዎት ልሂድ? ቆይ እስቲ። ቆይ… ፊቷን ብናዞራትስ?

ጥላዬ፦ ወደ ደጀን ልንመለስ?

ሙሉጎጃም፦ ፊቷ ወደ ደጀን፣ ጀርባዋ ወደ ፍቼ። የኋላ ማርሽ ያስገቡና ዳገቱን በጀርባዋ ትውጣው። ያኔ የሚዘመው ወደ ፊት ነው፤ ናፍጣው ራሱ መሳቢያው ላይ ይመጣል።

ጥላዬ፦ አባይን… በኋላ ማርሽ?

ሙሉጎጃም፦ ዳገቱ እስኪለዝብ ነው። ስንት ይቀረዋል?

ጥላዬ፦ ሁለት ኪሎ ሜትር ግድም። ወይዘሮ ሙሉጎጃም፣ ተማሪዎቼ ቢያዩኝ…

ሙሉጎጃም፦ ተማሪዎችዎ ካዩዎት ይገፉዎታል። ሌላ ሐሳብ አለዎት?

ጥላዬ፦ የለኝም። እዚህ ጋ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ቁልቁል እየለቀቅኳት ላዙራት። ድንጋዩን ያንሱልኝ። ሃ… ሃ… እንዲህ… ዞረች!

ሙሉጎጃም፦ ክዳኗን ይክፈቱ። የእጅ ፓምፗ የትኛው ነው? ይኼ ነው? በሉ የገባውን አየር እናስወጣ። እኔ እጫናለሁ፣ እርስዎ ያቺን ብሎን ትንሽ ያላሉልኝ።

ጥላዬ፦ አረፋ ነው የሚወጣው።

ሙሉጎጃም፦ አረፋው እስኪያልቅ ነው። ትንሽ ይታገሱ… አሁንስ?

ጥላዬ፦ ጠራ! ናፍጣ ብቻ ሆነ! እጅዎ ግን ተበላሸ፣ ቀሚስዎም…

ሙሉጎጃም፦ ናፍጣ ሽቶዬ ነው፣ እውነቴን ነው ስልዎት። ያጥብቁትና ያስነሷት።

ጥላዬ፦ እንግዲህ በስመ አብ… ተነሳች! ተነሳች!

ሙሉጎጃም፦ ይሂዱ እንግዲህ! እኔ የኋላውን መስኮት እመለከታለሁ። ቀጥ… ቀጥ… ትንሽ ወደ እኔ… ወደ እኔ አልኩ እንጂ ወደ ገደሉ አላልኩም!

ጥላዬ፦ እርስዎ የትኛው ጎን ነዎት? አንገቴን ሳዞር ሁሉም ተገላበጠብኝ!

ሙሉጎጃም፦ ቀኝ! የእኔ ቀኝ! አይ፣ የእርስዎም ቀኝ! ከፊት መኪና መጣ!

ጥላዬ፦ የቱ ፊት?

ሙሉጎጃም፦ ከኋላው ፊት!

ጥላዬ፦ እመብርሃን! አለፈ?

ሙሉጎጃም፦ አለፈ። ሹፌሩ የሚለውን ሰሙት? “አባባ፣ ጎጃም አላስችል አለዎት እንዴ?” አለዎት።

ጥላዬ፦ ልክ ነው፤ ፊቴ ጎጃም፣ ጀርባዬ ሸዋ። ካርታ ላይ እንዲህ ያለ ጉዞ አስተምሬ አላውቅም። ምን ሆኑ? እያለቀሱ ነው?

ሙሉጎጃም፦ እየሳቅኩ ነው! ሆዴን! ሆዴን ያዘኝ! ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም። ዝንጀሮዎቹ ሳይቀር ተደርድረው እያዩን ነው!

ጥላዬ፦ ይሳቁ። የእኔ አንገት እንደዞረ ይቀራል እንጂ፣ እርስዎ ብቻ ይሳቁ።

ሙሉጎጃም፦ ስልኬ! ጠራ! ስልኬ ጠራ! ቦርሳዬ የት ነው?

ጥላዬ፦ ከእግርዎ ሥር! ላቁም?

ሙሉጎጃም፦ እንዳያቆሙ! አሎ! ጉርሜሳ! አሎ! አይሰማም፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ! ምን? ምን አልክ?

ጥላዬ፦ ምን አለ?

ሙሉጎጃም፦ ዝም ይበሉ! … ሁለቱም? ሁለቱም ደህና ናቸው? ማልልኝ። ማልልኝ ልጄ… እስቲ ስልኩን አስጠጋልኝ፣ ልስማ… እልልልልል!

ጥላዬ፦ ተወለደ?

ሙሉጎጃም፦ ተወለደች! ሴት ናት! ስታለቅስ ሰማኋት፣ በሁለት ጆሮዬ! እንዴት ያለ ጩኸት! እልልልልል!

ጥላዬ፦ እኔስ ምን ልበል? እልል አልችልበት! ጡሩምባ ልንፋ? ለሴት ሦስት ነው አይደል?

ሙሉጎጃም፦ ማነው ሦስት ያለው? ሰባት ይንፉ! አስራ ሰባትም ይንፉ!

ጥላዬ፦ ይኸው! ይኸው! ዝንጀሮዎቹ አገር ጥለው ሄዱ!

ሙሉጎጃም፦ መምህር… መሪውን ይዘው እንባዎ እየወረደ ነው።

ጥላዬ፦ አዎ፣ እያለቀስኩ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ እንጂ የደስታ ወሬ ቤቴ መጥቶ አያውቅም። ለእኛ እግዜር ልጅ አልሰጠንም። የሰው ልጅ ሲወለድ እንዲህ ቅርብ ሆኜ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሙሉጎጃም፦ እንኳን አብረውኝ ሆኑ። አውቶቡስ ውስጥ ቢሆን ከማን ጋር እልል እል ነበር?

ጥላዬ፦ መንገዱ ለዘበ! ለጥ አለ! ወጣን እኮ!

ሙሉጎጃም፦ ያዙሯት እንግዲህ፣ ሰው እንሁን።

ጥላዬ፦ ዞረች። አቤት፣ ፊት ለፊት ማየት እንዴት ደስ ይላል! ጎሃ ጽዮን ስንገባ ታንከሯን አፏ ድረስ እሞላታለሁ፤ ሰልፉ ጎንደር ቢደርስም።

ሙሉጎጃም፦ ሃያ በሊትር ትሄዳለች የሚሉት ቀረ?

ጥላዬ፦ ትሄዳለች። በጀርባዋ ስንት እንደምትሄድ ግን ገና አልሠራሁትም።

ሙሉጎጃም፦ ሲመለሱ ይሠሩታላ።

ጥላዬ፦ አዎ፣ እኔማ እርስዎን አውርጄ፣ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ብያት ወዲያው እመለሳለሁ። አራስ ቤት ሽማግሌ ምን ይሠራል? ቦታ ማጣበብ ነው።

ሙሉጎጃም፦ ደግሞ ጠራ። እራሷ ናት! አሎ ህብስቴ! የእኔ ጀግና! አለሁ፣ አለሁልሽ፣ ጎሃ ጽዮን ልገባ ነው… አይ፣ በአውቶቡስ አይደለም… በመኪና… ከማን ጋር? ከጥላዬ ጋር ነው። አዎ፣ መምህሩ። ምን ያስቅሻል፣ አራስ ነሽ፣ አትሳቂ! … ኧረ የምን መመለስ፣ አይመለስም። እሱም ክርስትናዋ ድረስ ይሰነብታል። ለጉርሜሳ ንገሪው፣ ሳሎን ፍራሽ ያንጥፍለት… እሺ የእኔ ዓለም፣ ዕረፊ።

ጥላዬ፦ ወይዘሮ ሙሉጎጃም… አሁን “እሱ” ነው ያሉት፣ ወይስ ነፋሱ ነው?

ሙሉጎጃም፦ አንተ ዝም ብለህ ንዳ።