ታመኪቺ በገዛ እጃቸው የመለሱት ጋኔን

ሥዕል የሚታተምበትን እንጨት ቀራጺው ታመኪቺ፣ ከጣሪያ ክዳን ሠሪው ከጎሄይና ከወይዘሮ ኦታሱ በኢዶ ከተማ፣ በካንዳ ሠፈር ተወልደው፣ በአሥራ አንድ ዓመታቸው ቀራጺ ቤት ገብተው፣ ሦስት ዓመት ሣር ብቻ፣ ሁለት ዓመት የልብስ እጥፋት ብቻ ሲቀርጹ ከቆዩ በኋላ፣ ፊትና ጠጉር ለመቅረጽ በቁ። በአንዲት የሩዝ ፍሬ ስፋት ላይ አርባ ጠጉር ያወጡ ነበር፤ እኔ አታሚው ሳሄይ ሠላሳ ዘጠኝ የቆጠርሁት መሐል ላይ ስላስነጠሰኝ ነው።

ወይዘሮ ኦሺጌን አግብተው አንዲት ልጅ ኦኪኑን ወለዱ። ኦኪኑ ስታለቅስ ከወንዙ ማዶ ያሉ ውሾች ተነሥተው ይመልሱላት ነበር። በአራት ዓመቷ ፈንጣጣ ወሰዳት፤ ሠፈሩም ዝም አለ።

የሙት መታሰቢያዋ አርባ ዘጠኝ ቀን ሳይሞላ፣ ከአሳታሚው ዘንድ በሙታን አገር ያለው የሳይ ወንዝ ዳር ሥዕል ሊቀረጽ መጣ። ከወላጆቻቸው ቀድመው የሞቱ ሕፃናት በዚያ ዳርቻ ለእናት ለአባታቸው ድንጋይ ሲክቡ፣ ጋኔን በብረት ዱላ ሲያፈርስባቸው፣ እነርሱም እንደገና ሲጀምሩ፣ በእጅጌው ሸሽጎ የሚያድናቸው ቅዱሱ ጂዞ ገና በሩቅ ሲመጣ የሚያሳይ ነው። በሥራችን ወግ የሠዓሊው ስስ ወረቀት በፊቱ ተደፍቶ በቼሪ እንጨት ላይ ይለጠፋል፤ ቢላው ሲያልፍ ወረቀቱ አብሮ ይጠፋል፤ ቀራጺም ከመስመሩ ጠጉር ታህል ማዛነፍ አይፈቀድለትም። ታመኪቺ ግን ጋኔኑን ከነዱላው ጠርገው አነሡት።

አሳታሚው የመጀመሪያውን ሕትመት አይተው፣ «ጋኔኔ የት ሄደ?» ብለው ጮኹ።

«ወጣ ብሎ ነው» አሉ ታመኪቺ።

«አትቀልድብኝ፣ ታመ! ማን ነው ያለ ጋኔን የሚገዛኝ? ውታፍ አስገባበትና መልሰህ ቅረጸው፤ እምቢ ካልህ ኢዶ ውስጥ ቢላ የሚያስይዝህ ቤት አታገኝም!»

ወይዘሮ ኦሺጌ በዚያ ሰሞን ደም እየተፉ ተኝተው ነበርና፣ ያለ ሥራ ሩዝም መድኃኒትም ስለማይኖር፣ ታመኪቺ የጠረጉትን ቦታ ፈልፍለው፣ አዲስ የእንጨት ውታፍ ወትፈው፣ በላዩ ጋኔኑን በገዛ እጃቸው መለሱት፤ እጃቸው አበላሽቶ መሥራት አያውቅምና ሠዓሊው ከሣለው ይልቅ አስፈሪ ሆነ።

ሥዕሉን ኢዶ ውስጥ ሳይገዛ የቀረ ዕውር ብቻ ነው፤ እርሱም ዳስሶ ገዛ። እኔ በቀን ሁለት መቶ ሳትም ታመኪቺ በራፌ ላይ ተቀምጠው፣ ወረቀቱን በእንጨቱ ላይ ባሻሸሁ ቁጥር ይሸማቀቁ ነበር።

«ሳሄይ ወንድሜ፣ አሁንም የልጄን ድንጋይ አፈረስህባት። ውታፉን ንቀልልኝ እባክህ፤ የኔ እጅ እምቢ አለኝ።»

«ነገ» እላቸዋለሁ፤ እንጀራዬ እንዳይቋረጥ ፈርቼ። ይህን «ነገ» ሁለት ዓመት ሙሉ አልኋቸው፤ በሌላው አጋንኜ ይሆናል፣ በዚህ ግን አላጋነንሁም።

ከዚያ ምግብ ተጸየፉ፤ በአርባ ሦስት ዓመታቸውም ከትናንት በስቲያ ዐረፉ። የመጨረሻ ቃላቸው፣ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዛሬስ?» የሚል ነበር።

ዛሬ ጠዋት ለቀብራቸው ወደዚህ ቤተ መቅደስ ከመምጣቴ በፊት ውታፉን በመሮ ነቅዬዋለሁ፤ እፊቴ የተቀመጡት አሳታሚ ይስሙኝ፣ የፈለጉትንም ያድርጉኝ። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ግን መሰብሰብ አልችልም፤ ጋኔኑ በዚያ ሁሉ ዱላውን እንዳነሣ ነው።

ከሳላቸው ያልዳኑትን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኦሺጌንና እኔን ትተው ሄደዋል፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ጂዞ ሆይ፣ ልጅቱን በሰፊው እጅጌህ ሸሽጋት፤ የአባቷንም ነፍስ አሳርፍ። እኔ ዘግይቻለሁ፤ አንተ አትዘግይ።