ቁልቁል የወረደው ጆንያ

እንዴት አደሩ፣ እትዬ ሽብሬ? እስቲ ጠጋ ይበሉልኝ... ይባረኩ። ጎሬ ዛሬም ጉም ተከናንባ አደረች፤ መቱ ስንደርስ ግን ፀሐይ ትቀበለናለች። ሚኒባሱም ቶሎ ሞላልን። ጋቢና የተቀመጡት ወጣት ወንድማችን ብቻ ጆሯቸውን በሙዚቃ ደፍነዋል። ይስሙ፤ መንገድ ያለ ዘፈን አይገፋም።

ኢሊሊ እንዴት ናት? አለቀሰች? ምነው! በፊዚክስ ፈተና ለአንድ ጥያቄ ዜሮ ተሰጠኝ ብሎ ማልቀስ አለ እንዴ? ትናንት ወረቀቷን ይዛ ቤቴ መጥታ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ይህንኑ ትምህርት ያስተማርኩ ነኝና አየሁላት። ከጭነት መኪና በተዘቀዘቀ ሣንቃ ላይ አንድ ጆንያ ቡና ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ፍጥንጥነቱ ስንት ነው? ነው ጥያቄው። ልጅዎ ቀስት ሥላ፣ «ቁልቁሉን የመደመር አቅጣጫ አድርጌያለሁ» ብላ ጽፋ፣ ቁጥሩን ሳትስት አወጣችው። የመልሱ ወረቀት ግን ሽቅቡን መደመር ብሎ ኖሮ፣ ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት አለበት። እሷ ጋ የለም። ስለዚህ ዜሮ!

ያረሟት ግሩም መምህር ናቸው። ሌላ መምህር ቢሆን ቀስቷን ያይላት ነበር፤ አቅጣጫ መምረጥ የተማሪው ፈንታ ነው፣ የመረጠውን እስከ መጨረሻው ይዞ ከሄደ ጆንያው ያው መውረዱ አይቀርም ብሎ ሙሉ ማርክ ይሰጣት ነበር። እሳቸው በእንዲህ ያለ ተራ ነገር አይታለሉም። ተማሪ የጻፈውን አንብቦ ማረምማ ማንን ያቅታል? ሳያነቡ ማረም ነው ጸጋው! ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም ይሉ ነበር አበው... እኝህን ሳያዩ አለፉ እንጂ። ልጅቷ «ቲቸር፣ ቀስቱን ይዩልኝ» ብትላቸው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «መልሱ እንደዚያ አይደለም፤ ቁጭ በይ!» አጭር፣ ግልጽ፣ ለማስታወስ የማያስቸግር ማብራሪያ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሳቸው ግን የመልሱን ወረቀት አንድ ቀን እንኳ ሳይጠረጥሩ ይኸው በሰላም ይኖራሉ።

ይልቅ አንድ ነገር ቸገረኝ። እኛ አሁን ከጎሬ ወደ መቱ እየወረድን ነው ወይስ በመቀነስ ሽቅብ እየወጣን? ሹፌሩን እንዳልጠይቀው መሪ ይዟል... የመልስ ወረቀትም የለው፤ ምስኪን፣ መንገዱን እያየ ነው የሚነዳው!

ምነው ክንዴን ያዙኝ፣ እትዬ ሽብሬ? ስም አልጠራሁም እኮ። ጋቢና ያሉት ወንድማችንም ጆሯቸው ላይ የሰኩትን ነቅለዋል፤ ዘፈኑ አልቆባቸው ይሆናል። አንገታቸውም ቀልቷል... ፀሐይዋ ገና ከአሁኑ አገኘቻቸው መሰለኝ።

አይ፣ እርስዎ እንኳ አይዘኑ። የማርክ መዝጊያው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው አሉ። ያቺ ዜሮ ካልታረመች ኢሊሊ የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል አትገባም፤ መሐንዲስነቱም በዚያው ይቀርባታል። ቢቀርስ? ድልድይ የሚሠራ ሞልቷል፤ ለመቀነስ ምልክት ዘብ የሚቆም ግን ስንት አለን? በእርግጥ እስክሪብቶ አንስቶ አንዲት ዜሮ መሰረዝ ያን ያህል ጉልበት አይጠይቅም... ግን እሱ ለተሳሳተ ሰው ነው። ያልተሳሳተ ምን ብሎ ይሰርዛል?

ለነገሩ እኝሁ መምህር ሰሞኑን ወንድ ልጅ ተወልዶላቸዋል ሲባል ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ባዬ ጋሪዳ፣ እጅግ መልካም ነው! እንመርቃቸው እንጂ፣ እትዬ ሽብሬ፤ ምርቃት በሌሉበትም ይደርሳል። እግዚአብሔር ልጁን ያሳድግላቸው። ጤናና ዕድሜ፣ ብሩህ አእምሮም ይስጠው። ፊደል ከቆጠረበት ቀን አንስቶ እስኪመረቅ ድረስም፣ በገባበት ክፍል ሁሉ፣ ቁርጥ አባቱን የመሰለ መምህር አያሳጣው!