ለትርንጎ የቀጠልኩት የጓሮ በረንዳ

በእኛ ጊዜ ቤት ፊት እንጂ ጀርባ አልነበረውም፣ ልጆቼ። ሰው ቤት ሲሠራ የሚያስበው ለመንገዱ ነው፣ አላፊ አግዳሚው ምን ይለኛል ነው፣ የጓሮውን ማን ያየዋል? እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ይህ እናንተ ክፍል የተከራያችሁበት ቤት የአባቴ ቤት ነው፣ የእንጨትና የጭቃ። እሳቸው በሣር ከድነውት ነበር፣ እኔ ግብርና ተቀጥሬ ደመወዝ ስይዝ ቆርቆሮ አለበስኩትና ከፊት ለፊት በረንዳ ቀጠልኩለት። ደርግ ከወደቀ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ቋሚዎቹን አረንጓዴ ቀባኋቸው። ታዲያ ቡሬ ላይ ያኔ ቤቴን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ "ያ አረንጓዴ በረንዳ ያለው" ነበር የሚሉት፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ምን ልዋሻችሁ።

እና ባለቤቴ ትርንጎ፣ ይችው ጓዳ ያለችው፣ በረንዳው ያለቀ ቀን ወጣች፣ አየችና "ያምራል" አለች። ቆየት ብላ "ከጓሮስ?" አለች።

"ከጓሮ ምን?" አልኳት።

"ከጓሮማ እኔ ነኛ ያለሁት።"

"ለመጪው ዓመት" አልኳት። መጪው ዓመት መጣ፣ "ለመጪው ዓመት" አልኳት። እንዲህ እያልን ስንት ዓመት እንደሄደ እሷን ጠይቋት፣ ቆጥራ የያዘችው እሷ ናት።

ሥራዬ ደግሞ፣ ይህን ስሙኝ፣ በየገጠሩ እየዞርኩ ገበሬ ማስተማር ነበር። ሰብስቤያቸው "በርበሬያችሁን መሬት ላይ አታስጡ፣ እርጥበት ያገኘዋል፣ ይሻግታል፣ ቆጥ ሥሩለት፣ ከላዩ ክዳን አድርጉለት" ስል ነው የምውለው። ቤቴ ስመለስ የራሴ ሚስት ጓሮ መሬት ላይ ሰሌን ዘርግታ በርበሬ ታሰጣለች። አይቼ አላየሁም። አንድ ቀን ብቻ "ቆጥ ብታደርጊለት ምናለ?" ብላት ቀና ብላ አየችኝና "እኔማ ገበሬ አይደለሁ፣ ማን ያስተምረኛል?" አለችኝ። ቅኔ እኮ ነው! እኔ ሳቅሁና አለፍኩ።

ነገሩ የሆነው ኅዳር ላይ ነው። በርበሬው ቀልቷል፣ ጓሮው ሙሉ ተሰጥቷል። እኔ ከፊት በረንዳ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ተቀምጫለሁ፣ ጠላ ይዘናል፣ ጨዋታው ደርቷል። ታዲያ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና ያላሰብነው ዝናብ ወረደ። ትርንጎ ከጓሮ "ሞላ! ኧረ ሞላ፣ ድረስልኝ!" አለች። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "እንግዳ አለ!" አልኩ። ደግማ ጠራች። እኔም ደገምኩ፣ "እንግዳ አለ ብዬሻለሁ!" ሦስተኛ አልጠራችም። እኛም ጨዋታችንን ቀጠልን፣ እናንተዬ፣ እየሳቅን!

ዝናቡ ሲያባራ ተነሥቼ ሄድኩ። ትርንጎ ጭቃው ላይ ተቀምጣለች። ሰሌኑን ስትጎትት አዳልጧት ወድቃለች፣ ቀኝ እጇ ከአንጓው ላይ ተሰብሯል። በርበሬው ዙሪያዋን ውሃ ላይ ተንሳፍፏል። አላለቀሰችም። "እንግዶቹ ሄዱ?" አለችኝ። ይኸው ነው። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር።

ወጌሻ ጠራን፣ እጇ ታሰረ። ወሬው የትውልድ አገሯ ፈረስ ቤት ደርሶ ወንድሟ ቄስ አዳሙ በቅሎ ይዘው መጡና "እጇ እስኪጠና እኛ ዘንድ ትረፍ" አሉ። "ይሁን" አልኩ፣ ምን እላለሁ? ስትወጣ የቤቱን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረችው። ያኔ ምንም አልጠረጠርኩም።

ታዲያ ጓሮው ለእኔ ቀረ። እንጨቱ ጓሮ ነው፣ ውሃው ጓሮ ነው፣ ዕቃ የሚታጠበው ጓሮ ነው፣ ዶሮዋ ጓሮ ናት። ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ፀሐዩ አናቴን በላኝ፣ አንድ ቀን ካፊያ መጣና እንጨቱ ረጠበብኝ፣ ጭሱ ዓይኔን አወጣው። የምቆምበት ጥላ የለ፣ የምቀመጥበት ድንጋይ የለ። "ይህች ሴት ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበር የምትቀመጠው?" ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ ቀላል ነው፣ አትቀመጥም ነበር።

ጥር መጣ፣ እጇ ድኗል ተባለ፣ እሷ ግን አልመጣችም። ወረቀት ጻፍኩ፣ መልስ የለም። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ሁለት ሽማግሌ ለምኜ ፍኖተ ሰላም ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎና በእግር ዳገቱን ወጣን። ቄስ አዳሙ ተቀበሉን፣ ትርንጎም ነጠላዋን አጣፍታ መጥታ ተቀመጠች።

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ልጄ፣ ቤትሽ ምን ጎደለበት?" አሏት።

"ምንም አልጎደለም፣ አባቴ። ፊቱ የሞላ ነው፣ ጓሮው የዝናቡ ነው። እኔ ከማን ልጠጋ?"

"አሁን በበረንዳ ትዳር ይፈርሳል?"

ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ እስካሁን ይሰማኛል። "በበረንዳ አይደለም፣ አባቴ። ጠራሁት፣ ሰማኝ፣ አልመጣም።"

ሽማግሎቹ እኔን አዩኝ። ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፣ ሁሉንም ተውኩት። "እውነቷን ነው፣ አጥፍቻለሁ" አልኩ። "ሠርቼ እመጣለሁ፣ ይዤሽ እሄዳለሁ" ስላት ደግሞ "አትምጣ" አለች። "እግሬ አልተሰበረም፣ ሲያልቅ ራሴ እመጣለሁ" አለች።

ቡሬ እንደተመለስኩ አናጢ ፈንቴን ጠራሁ፣ የአዊ ሰው ነው፣ ቀልደኛ፣ እጁ ግን የተባረከ። ጓሮውን ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። "አቶ ሞላ፣ የኋላው ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው። ከዚህ ላይ ክዳን ከቀጠልንበት ጫፉ እርስዎ ግንባር ላይ ነው የሚደርሰው" አለኝ። እኔ መቸኮሌ ነው፣ "ግድ የለህም ቀጥለው፣ እሷ አጭር ናት፣ አይነካትም" አልኩት።

መዶሻውን አስቀመጠና "እርስዎ አይገቡበትም እንዴ?" አለኝ።

አያችሁ? የምሠራው ለእሷ ብቻ ነበር፣ እዚያ አብሬያት እቀመጣለሁ ብዬ አላሰብኩም። አፈርኩ። "አንሣው" አልኩት። "የአባትዎ ጣሪያ ይፈታል" አለ። "ይፈታ!" አልኩ። እና የኋላውን ቆርቆሮ ነቀልን፣ ግድግዳው ላይ ክንድ የሚያህል እንጨት ጨመርን፣ ጣሪያውን ከፍ አድርገን ከዚያ ላይ በረንዳውን ቀጠልን። ከሥራ መልስ እኔው ድንጋይ እየተሸከምኩ ወለሉን አነጠፍኩ፣ ውሃ መውረጃ ቦይ ቆፈርኩ፣ በክዳኑ ሥር ለበርበሬው ቆጥ ሠራሁ፣ ከግድግዳው ጋር ረዥም መደብ ለሰንኩ። የሥራ ጓደኞቼ መጥተው "ኧረ ሞላ፣ ይህን ጓሮ ማን ያይልሃል?" ብለው ሳቁብኝ። "እኔ" አልኳቸው። እጄ ተላጠ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ግን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ዓመት ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም። ሚስማር በመታሁ ቁጥር ትመጣለች እላለሁ፣ ደሞ ባትመጣስ እላለሁ።

ግንቦት አለቀ፣ አልመጣችም። ሰኔ ገባ። አንድ ቅዳሜ መደቡን ሁለተኛ እየለሰንኩ ነው፣ እጄ እስከ ክርኔ ጭቃ ነው፣ የጓሮው በር ጓ አለ። ዞር ብል ትርንጎ! ጥቅሏን ይዛ፣ ብቻዋን። በአረንጓዴው በረንዳ በኩል አልመጣችም፣ በቀጭኑ መንገድ ዞራ በጓሮ ነው የገባችው። እሷ ቆጡን በእጇ ነቅነቅ አደረገችው፣ ጠንካራ ነው። ቋሚውን ዳሰሰች። ቀና ብላ ክዳኑን አየች። ከዚያ ጥቅሏን አስቀመጠችና በደረቁ በኩል መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

እግዜር ሲያውቀው ዝናቡ ያን ጊዜ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ ዶፉ ሲወርድ፣ እኛ ሁለታችን ከሥሩ ቁጭ ብለን፣ ጓሮው ሲታጠብ እናያለን። ታዲያ ትርንጎ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ "እዚያ ጋ ያፈሳል" አለች። ከፈረስ ቤት መጥታ የመጀመሪያ ቃሏ! እኔ በዚያ ዝናብ መሰላል ልወጣ ብድግ ስል ልብሴን ያዘችኝና "ተቀመጥ፣ ነገም ቀን ነው" ብላ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬም መጣ፣ በዝናብ አሳበብኩ።

ከዚያ ወዲህ ይኸው እንደምታዩት ነው። እንግዳ ሲመጣ የምናስገባው በጓሮ ነው። እናንተንም በዚያው ነው ያስለመድናችሁ።

አባባ ሞላ ሲጨርሱ፣ ጨዋታውን ትጽፍ የነበረችው ከእኛ ከተከራዮቹ አንዷ መምህርት እስክሪብቶዋን አቁማ ወደ ጓዳ "እማማ ትርንጎ፣ እውነት ነው?" አለች።

እማማ ትርንጎ ብቅ አሉ። "እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል፣ እሱ አያውቀውም" አሉ። "ወንድሜ 'እዚሁ ቅሪ፣ ያ ሰው አይለወጥም' ሲለኝ ምን እንዳልኩት ነው።"

"ምን አሉት?" አልናቸው።

"'ሞላ ይማራል' አልኩት። 'ብቻ ዳተኛ ተማሪ ነው፣ ክፍል ይደግማል።'"

ከሁላችንም በላይ የሳቁት አባባ ሞላ ነበሩ።