ሻዕባን ድልድያቸውን ከሥር ያዩ ዕለት

ክልሉ ክልል ከተባለ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። አሶሳ ላይ በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ ማኅተሙ ከወንበሩ ቀድሞ የደረሰበት ቢሮም አልጠፋም። ከከተማው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ፣ ሸለቆው ውስጥ፣ ከማኅተሙም ከወንበሩም በዕድሜ የሚበልጥ አንድ የቀርከሃ ድልድይ አለ። በሚያዝያ መጨረሻ፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ፣ ሽማግሌው ሻዕባን በዚህ ድልድይ ጫፍ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ልጃቸውን ይጠብቁ ነበር።

ልጃቸው ኢቲዳል ያገባችው ከወንዙ ማዶ ነው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ክሊኒኩ ያለው በአባቷ በኩል ስለሆነ፣ ዝናቡ ሳይገባ ተሻግራ አባቷ ቤት እንድትቆይና እንድትወልድ ተስማምተዋል። ሻዕባን ለዚህ ቀን ቤታቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገዋል። ሚስታቸው ማሪያም ከሞተች ወዲህ እንዲህ ጠርገው አያውቁም።

ኢቲዳልን ሲጠብቁ ግን ሌላ ሰው መጣ። ቦርሳ ያዘለ፣ የመለኪያ ሜትር በእጁ የያዘ ወጣት ከዳገቱ ወርዶ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው። ይልቃል ይባላል። ፓዌ ያደገ የሰፋሪ ልጅ ነው፤ የእግረኛ ድልድዮችን እያየ እንዲመዘግብ አዲሱ ቢሮ የላከው ቴክኒሽያን። ድልድዩ ላይ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ተመለሰ።

«ምነው ተመለስክ? ፈራህ?» አሉት ሻዕባን።

«አልዋሽዎትም አባባ፣ ፈራሁ።»

«ይህ ድልድይ አባቴ ነው የሠራው። ሰው ጥሎ አያውቅም፣ ወላሂ! አህያ ያልፋል፣ ሙሽራ ያልፋል። አንተ ከአህያ ትከብዳለህ?»

ይልቃል ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። የሰው ቤት ደጃፍ ደርሶ አልገባም እንዳለ እንግዳ ቆጥረውታል። በዚያ አገር ወግ፣ ዝናብ ሊገባ ሲል እያንዳንዱ ቤት አንድ ቀርከሃ ቆርጦ፣ ምልክቱን ቀርጾበት ድልድዩ ላይ ይጥላል። መጨመር እንጂ ማንሳት የለም። ይልቁንም የሞተ ሰው ቀርከሃ ፈጽሞ አይነካም። ስለዚህ ድልድዩ ከዓመት ዓመት እየወፈረ ሄዶ፣ ውፍረቱ ክንድ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

«አባባ፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ ይልቃል። «የቤትዎን ጣሪያ አዲስ ሣር ሲከድኑ፣ የበሰበሰውን ያነሳሉ?»

«አነሳለሁ።»

«ለምን?»

«አዲሱን ያበሰብሳል።» ይህን ብለው ወዲያው ነገሩ ገባቸውና ፊታቸውን አጠቆሩ። «ጣሪያ ሌላ ነው። ጣሪያ ሣር ነው። ይህ ሰው ነው።»

ሻዕባን አማርኛን የተማሩት አሶሳ ገበያ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ አጠራር ነው የሚጠሩት። ቀጥለው የተናገሩትን ግን ይልቃል አንድም ሳያመልጠው ሰማ።

«መሃል ላይ የማሪያም አለ። ሚስቴ ነው። ኢቲዳል ተወለደ፣ አርባ ቀን ሞላ። እኔ ልቁረጥ ብል ማሪያም እንቢ አለ። ራሱ ቆረጠ፣ ራሱ ተሸክሞ ጣለ። ልጄ በዚህ ይሻገራል አለ። አሁን ማሪያም የለም፤ ቀርከሃው አለ። ምን ብዬ ላንሳ?»

የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ቶሎ መልስ መስጠት ይወዳል። ይልቃል ግን፣ ምስጋና ይድረሰውና፣ ቦርሳውን አውርዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ።

«ያንሱ አልልዎትም። ግን እግርዎ የሚረግጠው የላዩን ቢሆንም፣ የሚሸከምዎት ከሥር ያሉት ግንዶች ናቸው። በየዓመቱ ሸክም ተጨመረባቸው። አሮጌው ቀርከሃ ደግሞ የዝናቡን ውኃ ይዞ ሲያርሳቸው ይከርማል። ከላይ ሲያዩት የጠነከረ ይመስላል። ከሥር አይተውት ያውቃሉ?»

ሻዕባን አላዩትም። ማንም አላየውም፤ ሥራው ሁሉ ከላይ ነውና።

«ቢሮህ ብረት ያመጣል?»

«አያመጣም አባባ። ያለው እኔና ይህ ደብተር ነን።»

ይህ መልስ ሽማግሌውን ደስ አሰኛቸው። ቢያንስ ውሸታም አይደለም አሉ በልባቸው። ቆንጨራቸውን አንስተው «ና፣ አሳይሃለሁ» ብለው ቁልቁል ወረዱ። ሐሳባቸው ወጣቱን ማሳፈር ነበር።

ውኃው ከጉልበት አያልፍም። ሻዕባን ከግንዱ ሥር ቆመው ቆንጨራውን ወደ ላይ ሰነዘሩ። ብረቱ እንጨት የመታ አልመሰለም፤ ድምፅ ሳያሰማ እስከ እጀታው ጠለቀ። ሲነቅሉት ጥቁር፣ እርጥብ ብናኝ ፊታቸው ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛውንም ግንድ ወጉት፤ ያው ነው። ከዚያ እየተንጠራሩ መሃል ላይ የማሪያም ምልክት የሆነው ሦስት ጭረት ያለበትን ቀርከሃ ፈልገው አገኙት። በሁለት ጣት ያዝ ቢያደርጉት ተፈርክሶ መዳፋቸው ላይ ወደቀ። ከሞተች ወዲህ ማሪያም እዚያ ያለች ይመስላቸው ነበር። ብናኙ እንዳይበተን መዳፋቸውን ጨበጡ።

«አባ! የት ነህ?»

ኢቲዳል ናት። ከማዶ፣ ጭንቅላቷ ላይ ጓዝ ተሸክማ፣ አንድ እግሯን ድልድዩ ላይ አሳርፋለች።

«ቁሚ!» ሻዕባን በቋንቋቸው ጮኹ። «ቁሚ ልጄ፣ አትርገጪ!»

«ምነው አባ? የእማዬ ቀርከሃ እያለ ምን እሆናለሁ?» አለች እየሳቀች።

«የእናትሽ ቀርከሃ የለም! እጄ ላይ ነው ያለው።»

እግሯን አነሳች። ሻዕባን በውኃው ወደ ማዶ ተሻገሩ። ይልቃል ተከትሏቸው ጓዟን ተቀበላት፤ አባቷም በሌላው እጃቸው እጇን ይዘው፣ በየድንጋዩ እያሳረፉ በውኃው ውስጥ አሻገሯት። የአባቷን መዳፍ ስታይ ነገሩ ገባትና ስታለቅስ ቆየች።

«ይህ ልጅ አሮጌው ግንዱን አበሰበሰው ይላል» አሏት። «ካነሳን ከእሷ ምን ይቀረናል?»

ኢቲዳል ሆዷን ደግፋ ትንሽ አሰበች። «አባ፣ እማዬ የዚያን ቀን ያሰበችው ለእኔ መሻገር ነው። ዛሬ በዚህ ድልድይ ብወድቅ፣ ቀርከሃዬን አትንኩ የምትል ይመስልሃል?»

ሻዕባን ወደ ውኃው ጎንበስ አሉ። ብናኙን ወንዙ ውስጥ ቀስ አድርገው ለቀቁት። ከዚያ ወደ ይልቃል ዞረው፣ ማንም ያልነገራቸውን ከራሳቸው አፈለቁ፦ «አሮጌውን እናነሳለን። ምልክቱን አዲሱ ላይ እንቀርጻለን። የማሪያም ስም አዲስ ቀርከሃ ይይዛል።»

ይልቃል ደስታው ልክ አጥቶ ዳር ያለውን ለምለም ቀርከሃ አመለከተ። «እንግዲያው ከዚሁ እንቁረጥ!»

«አይ አንተ ልጅ! እሱ የዘንድሮ ነው፤ ለጋ ነው፤ ነቀዝ ይበላዋል። ሦስት ዓመት የሞላው ነው የሚቆረጥ። ይህንን ደብተርህ ላይ ጻፍ» አሉት። ጻፈው።

ቅዳሜ ደቦ ተጠራ። የሙታን ቀርከሃ ተነካ ብለው ያጉረመረሙ አልጠፉም። ሻዕባን ግን ከማሪያም ቀርከሃ የቀረውን በገዛ እጃቸው ቀድመው ሲያነሱ፣ ሌላውም የራሱን ያነሳ ጀመር። ጠንካራ ግንድ ተጋደመ፤ ቀርከሃው ውኃ እንዲያሾልክ በየመካከሉ ክፍተት እየተተወለት አንድ ረድፍ ብቻ ተደረደረ። በየሦስት ዓመቱ ሁሉም እንዲነሳና እንዲታደስ፣ የቀደሙት ሰዎች ስምም ሲታደስ እንዲጠራ ተስማሙ። ሸክሙ ቀለለ፤ ብልሽቱ ሳይደበቅ ከላይም ከሥርም ይታያል።

በዚያ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሲያገሳ ከማዶ ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ድረስ ከትምህርታቸው አልቀሩም። የክሊኒኩ ነርስ ክትባት ይዞ ተሻገረ። የኢቲዳል ባል በየሳምንቱ እየመጣ ሚስቱን ጠየቀ። ኢቲዳልም ሰኔ መጨረሻ ላይ ክሊኒኩ ውስጥ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ጥቅምት ላይ ውኃው ጎደለና ወደ ቤቷ ልትመለስ ሆነ። ሊሸኟት የመጡ ጎረቤቶች ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆመው ሳለ ሻዕባን ተናገሩ፦ «እኔ ስሞት ቀርከሃዬን አትጠብቁልኝ። ሦስት ዓመቱ ሲሞላ አውጥታችሁ ጣሉትና ስሜን በአዲሱ ላይ ቅረጹት። ሰው የሚሻገርበት ካልሆነ ስሜን አልፈልገውም።»

ኢቲዳል ሕፃኗን አዝላ እግሯን ልታነሳ ስትል እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት። ቆንጨራቸውን ይዘው፣ በስተርጅናቸው፣ ቁልቁል ወረዱ። ከሥር ሆነው ግንዱን ከዳር እስከ ዳር እያንኳኩ ሄዱ፤ ምቱ ደረቅና ጠንካራ ሆኖ ላይ ድረስ ተሰማ። ማዶ ሲደርሱ ቀና ብለው ተጣሩ።

«አይቼዋለሁ ልጄ። አሁን ተሻገሪ።»