ቧንቧ ውስጥ የረጋው ቡላ

ሲንክ ሲዘጋ ሰው ይናደዳል፤ እኔ ግን አማቴ ትዝ ይሉኛል። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ቡታጅራ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴ ከመርካቶ ሲንክ አምጥቶ ማድ ቤት አስገጠመልኝ፤ ሰፈርተኛው ሁሉ እየመጣ ያየው ነበር። ታዲያ ለመስቀል ዘመድ ሊገባ ሲል ተዘጋብኝ! ባለቤቴ በሽቦ ቢጎረጉረው ወይ ፍንክች። ፍል ውሃ ብደፋበት ጭራሽ ባሰበት። አማቴ ገብተው፣ «ምን ደፍተሽበት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«የቡላ ዕጣቢ ብቻ ነው፣ እማማ።»

ሳቃቸው መጣ። «ቡላ እኮ ውሃ ከተኛለት ይረጋል። እኛ እንሰት ፍቀን ስንጨምቅ እንዲረጋልን ዕቃ እንደቅንለታለን፤ እናንተ ከሲንኩ ሥር ቧንቧውን ቆልምማችሁ መተኛ ሠራችሁለት!» ባልዲ ከሥር አድርገው ቆልማማውን በእጃቸው ፈትተው ቢያወልቁት፣ ነጭ ቡላ ዱብ አለ። ከዚያ ወዲያ ዕጣቢውን በሳፋ እያረጋን የጠለለውን ብቻ መድፋት ሆነ።

በቀደም አዲስ አበባ ልጄ ቤት ሲንኩ ተዘጋ። «ሠራተኛ ልጥራ» ስትል፣ «ባልዲ አምጪ» ብዬ ራሴ ፈታሁት። ጥቁር ቅባት ወጣ። እሷ «ተገኘ!» ብላ ደስ አላት። እኔ ግን ነጩን ነበር የጠበቅሁት።