የታችኛው ሰፈር በርጩማ

አዛውንቱ አናጢ የምክር ቤቱን በር ማጠፊያ ሊጠግኑ ሄደው በገዛ ሰፈራቸው ላይ ሲፈረድ ሰሙ። ለንጉሡ አዲስ መንገድ ሲባል የታችኛው ሰፈር ይፍረስ ተባለና ሠላሳ ዘጠኝ እጅ ተነሣ፤ ያላነሣው አንድ ሰው ብቻ ነበር። መዶሻቸውን ከረጢታቸው ውስጥ ከትተው ሲወጡ የወንድማቸውን ልጅ፣ መምህርቷን፣ ደረጃው ላይ ወረቀት ይዛ አገኟት።

«ምነው አጎቴ? ፊትዎ አመድ መስሏል።»

«ቤታችን ከሰኞ ጀምሮ ሊፈርስ ነው፣ ልጄ። ምን ይደረግ፤ ተመክሮበታል።»

«ማን መከረበት?»

«ምክር ቤቱ ነዋ! አርባ ሰው አገር ወክሎ ተቀምጧል።»

«አርባውን መቀመጫ የሠሩት እርስዎ አይደሉ? ትእዛዙ እንዴት ነበር?»

አዛውንቱ ሙያቸው ከተነሣ ሐዘንም አፋቸውን አይዘጋውም። «ሠላሳው መከዳ ያለው፣ ንጉሡ ለሚሾሟቸው። ዘጠኙ መደገፊያ ያለው፣ ለባለርስቶች። አንዱ በርጩማ፣ ለታችኛው ሰፈር» አሉ፤ ድምፃቸው እየወረደ ሄደ።

«የሰፈራችን ሕዝብ ከከተማው እኩሌታ አይበልጥም? ለመሆኑ ባለበርጩማውን መርጠውታል?»

«እኔማ ተከራይ ነኝ። ተከራይ መች ይመርጣል?»

ሰው በእጁ የሠራውን ነገር ምንነት ሳይጠይቅ ስንት ዓመት ይኖራል! አዛውንቱ ለዚያ በርጩማ ጥሩ እንጨት መርጠው፣ «የሰፈሬ ሰው ይቀመጥበታል» ብለው ኮርተውበት ነበር። መምህርቷ እንዲፈርሙበት የያዘችውን የአቤቱታ ወረቀት ዘረጋችላቸው።

«ተይ ልጄ፣ በገዛ እጅሽ እሳት አትጫሪ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

«ንጉሡን ማን ከሰሰ? ወንበሩ በሕዝብ ቁጥር ይደልደል፣ ተከራይም ይምረጥ፣ ድምፅ በምስጢር ይሰጥ ነው ያልነው። ያኔ መንገድ ቢያስፈልግ እንኳ ቤቱ የሚፈርስበት ሰው ተጠይቆ፣ ምትክ ተሰጥቶት ይሆናል። ንጉሡም የሕዝቡን ችግር ከሕዝቡ አፍ ይሰማሉ፤ አሁን የሚሰሙት የራሳቸውን ድምፅ ነው።»

«ይህ ወረቀት ቤቴን ያድናል?»

መምህርቷ ልትዋሽላቸው አልፈለገችም። «አያድንም። ማፍረሱ ሰኞ ይጀመራል። የፈረመም ሰው ከእንግዲህ የመንግሥት ሥራ አያገኝም።»

አናጢው ተከራክረው ተረትተው ቢሆን ኖሮ ይሻላቸው ነበር፤ እሳቸውን ግን የጠየቃቸው የለም። ይህ ከቤቱ መፍረስ ይልቅ አንገበገባቸው።

«ወዲህ በይው» አሉ በመጨረሻ። «እኔስ መሽቶብኛል። ነገ የሚፈርስበት ሰው ግን ይጠየቅ።»

ፈርመው ወደ ቤታቸው አዘገሙ። የቤቱ ግድግዳ ገና ባለፈው ሳምንት በባለቤታቸው እጅ ኖራ ተቀብቷል፤ «ዕቃ ጠቅልይ» የሚለውን ቃል ከየት እንደሚጀምሩት አላወቁም።