ጣና ያልወሰዳት

ከዘንዘልማ ወደ ግሽ አባይ ሰፈር በታክሲ ስንመጣ ሾፌሩ አንድ የድሮ የዘፈን አልበም ከፈተና ጋቢና ለተቀመጡት ሴትዮ ማውራት ጀመረ።

"እማማ፣ ዘፋኙ ይህን አልበም ለማን እንደሠራው ያውቃሉ?"

"ለማን ነው?"

"ለአንዲት የዘጌ ልጅ። ሊጋቡ ቀን ተቆርጦ፣ የሠርግ ልብስ ልትገዛ ስትመጣ ጀልባው ተገለበጠና ጣና አስቀራት። ዘፈኑ ሁሉ የሷ ለቅሶ ነው።"

"አልሰጠመችም።"

"እንዴት?"

"ዛሬ ጧት አብረን ቁርስ በልተናል። እህቴ ናት።"

ሾፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰው።

"ራሱ 'ጣና ወሰዳት' እያለ ይዘፍን የለም እንዴ?"

"ታዲያ 'እምቢ አለችኝ' ብሎ ይዝፈን?"

"እምቢ አለችው?"

"ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ መለሰቻቸው።"

"ይህን የመሰለ ዘፋኝ! ምን አጥፍቶ?"

"ምንም አላጠፋ። ጨዋ ልጅ ነበር፤ እኔማ ወድጀው ነበር።"

"እና?"

"'ዕድሜ ልኬን ይህን ድምፅ ስሰማ ልኖር ነው ወይ?' አለች።"

"አሁንስ ሲዘፈን ስትሰማው ምን ትላለች?"

"አሁንማ ታክሲ ትታለች፤ በእግሯ ነው የምትሄድ።"

አልበሙን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ የማውቀው እኔ፣ የዘፋኙን ድምፅ ያን ዕለት ገና መስማት ጀመርሁ።